በቅሎዋ የምትነሳበት ቀን

ይህ ታሪክ መነገር የሚገባው ስለ መሆኑ እርግጠኛ አይደለሁም። አንዲት አሮጌ መኪና ሞተሯ ፈነዳ፣ ተፈታች፣ ተመልሳ ተገጠመች፤ ሲጠቃለል ይኸው ነው። ሰው አልሞተም። እኛ አካባቢ ከዚህ የከበደ ነገር በየሳምንቱ እየደረሰ እኔ ስለ ሞተር ስጽፍ የሚያነበው ሰው ምን ይለኛል እያልሁ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። አሁን የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ዶርም ውስጥ ጓደኞቼ ስለ ቤታቸው ሲያወሩ እኔም ስለ መኪናዋ እጀምርና መሃል ላይ ስደርስ ዝም እላለሁ፤ መሃል ላይ ያለሁት እኔ ነኝና። ነገር ግን ወንድሜ ያላጠፋውን ጥፋት ተሸክሞ እንደ ነበር የሚያውቅ ሰው ከቤታችን ውጭ ብዙ የለም። ስለዚህ ሳልጨምርና ሳልቀንስ፣ ከመጀመሪያው ልናገር።

አባቴ ፍኖተ ሰላም ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ባለው ግቢያችን መካኒክ ናቸው። ጋራዥ እንበለው እንጂ አንድ የቆርቆሮ ጥላና አንድ ጉድጓድ ነው። መኪናችን ስትገዛ በቤንዚን የምትሄድ ፒካፕ ነበረች። አባቴ የቤንዚኑን ሞተር አውጥተው ከተገለበጠ ሚኒባስ የተረፈ የናፍጣ ሞተር ገጠሙላት። በዓመቱ ከጭነት መኪና የወለቀ ቱርቦ ጨመሩባት። ከዚያ ከመሬት ከፍ አደረጓት፣ የኋላ መጫኛዋን በብረት አስረዘሙት። ዘሯ የማይታወቅ ሆነችና የሰፈሩ ሰው «በቅሎዋ» አላት። ጠዋት ጠዋት በበራችን የሚያልፉ ሰዎች ዛሬ ገብስ ነው ናፍጣ የበላችው እያሉ አባቴን ይነካኳቸው ነበር። አባቴ ሳይስቁ፣ እናንተን ብትበላ ይሻላት ነበር፣ ግን ሥጋ የላችሁም ይሏቸዋል።

በቅሎዋ ግን ስሟን አላሳፈረችም። ክረምት ላይ ሌላው መኪና ጭቃ ይዞት ሲቀር እሷ ገበዝ ማርያም ድረስ ወጥታ ድንች ጭና ትመለሳለች። በበጋ ከቡሬ በቆሎና በርበሬ ታመላልሳለች። የሚነዳት በአምስት ዓመት የሚበልጠኝ ወንድሜ ነበር። ወንድሜ ትምህርት አልሆነለትም፤ መንዳት ግን ሆነለት። መሪ ሲይዝ ትከሻው ይወርዳል፣ ፊቱ ይለሰልሳል። ከመኪናዋ ላይ ሲወርድ ደግሞ እጁን የት እንደሚያስቀምጥ የማያውቅ ሰው ነው።

አንድ ጉድለት ነበረባት። ሞተሯ ሲቀየር የሙቀት ጠቋሚዋ ከአዲሱ ሞተር ጋር ስላልተገናኘ መርፌዋ አንድ ቦታ ተገትራ ቀረች። አባቴ ከዛሬ ነገ አገናኘዋለሁ እያሉ ሳያደርጉት ዓመታት አለፉ። እሳቸው ኮፈኑን በመዳፋቸው ዳሰስ አድርገው ሙቀቷን ያውቁታል። ሌላ ሰው ግን አያውቀውም።

ራዲያተሩ ላይ ውሃ መጨመር የእኔ ሥራ ነበር። አባቴ በዚህ ነገር ጥብቅ ናቸው፤ ከጣሪያ ወርዶ በበርሜል ከተጠራቀመ የዝናብ ውሃ በስተቀር ሌላ አይፈቅዱም። የምንጭ ውሃ ሞተር ውስጥ ሲፈላ ድንጋይ ይሠራል፣ ድንጋዩ የውሃውን መተላለፊያ ይዘጋል፣ ሞተሩም ታፍኖ ይሞታል ብለው ከልጅነቴ ጀምሮ ነግረውኛል። እኔም እንደ ትምህርት ይዤው ነበር። ቢጠይቁኝ ቃል በቃል እመልሳለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በቡሬ መንገድ አንድ ሚኒባስ ተገልብጦ ጎረቤታችን የሞቱ ጊዜ ነው። እናቴ ከቀብር ተመልሳ ሦስት ቀን እንቅልፍ አጣች። በአራተኛው ቀን ከከተማው የአንድ ሰዓት መንገድ ርቆ ወዳለው ጠበል ሄደች። ያ ጠበል ለብ ያለ ነው፤ የሚፈስበት ድንጋይ ሁሉ ነጭ ሆኗል። እናቴ ወገቧ ተይዞ በነበረ ጊዜ የዳነችው በእሱ ስለሆነ ከሁሉ አብልጣ ታምነዋለች። በቢጫ ጀሪካን ሞልታ አመጣችና ለመኪናዋ ጨምሪላት አለችኝ።

«አባትሽ አይስማ» አለችኝ። «እሱ ሞተር ሞተር ሲል የእግዜርን ነገር ይረሳዋል።»

ጨመርሁ። በየሳምንቱ እሑድ፣ አንድ ዓመት ከምናምን ወር ጨመርሁ። አባቴ ከበርሜሉ ነው ወይ ሲሉኝ አዎ አባየ እላለሁ። እናቴ ጨመርሽላት ወይ ስትለኝም አዎ እላለሁ። ሁለቱም ይመርቁኛል። ይህን የሚያነብ ሰው፣ አባትሽ የነገሩሽን እያወቅሽ እንዴት አደረግሽው ይለኝ ይሆናል። መልሴ አንድ ነው። አባቴ የከለከሉኝ ውሃ ነበር፤ ጠበል ውሃ ነው ብዬ አስቤ አላውቅም።

ባለፈው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ወንድሜ ከቡሬ በቆሎ ጭኖ ሲመለስ፣ ማንኩሳ ሳይደርስ ዳገቱ ላይ ሞተሯ ከውስጥ መምታት ጀመረ። መንገዱ ዳር ሊያቆም ሲሞክር አንድ ትልቅ ድምፅ ሰማ። ሞተሯ ጠፋ፣ መሪው ብቻ በእጁ ቀረ፤ ዘይትና ውሃ አስፋልቱ ላይ ፈሰሰ። ኮፈኑን ሲከፍት እንፋሎቱ ቀኝ ክንዱን ላጠው። ሲመሽ በጭነት መኪና በገመድ ተጎትታ ገባች። እናቴ መጀመሪያ ክንዱን አየች፣ አለቀሰች። ቀጥላ ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብላ የጠየቀችኝ፣ ውሃው ሰው የሚረግጠው ቦታ ፈሶ ይሆን ወይ ብላ ነው።

አባቴ ኮፈኑን ከፍተው በባትሪ አዩ። ሞተሩ ጎኑ ላይ ጡጫ የሚያስገባ ቀዳዳ ነበረው።

«በስንት ማርሽ ነበርህ?» አሉት።

«በሦስት ነበርሁ አባየ።»

«በሦስት ሆኖ እንዲህ አይሆንም።»

ወንድሜ ቀስ ብሎ ይነዳ እንደ ነበር፣ መርፌዋ እንደ ሆነች ሁልጊዜም እንደማትንቀሳቀስ ሊያስረዳቸው ሞከረ። አባቴ ባትሪውን አጥፍተው ወደ ቤት ገቡ። ከዚያ ቀን በኋላ ለብዙ ወራት አባቴ ለወንድሜ ከአንድ ቀን በቀር በቀጥታ ቃል አልተናገሩም።

በማግስቱ የሞተሩን ክዳን፣ መካኒኮች ቴስታታ የሚሉትን፣ ፈትተው አነሱ። ፒስተኑ ተሰባብሮ ሲያዩ መፍቻውን መሬት ላይ አስቀመጡት። ይህን በናፍጣ እጠቢው ብለውኝ ወጡ፤ ሁለት ቀን ወደ ጥላው አልተመለሱም።

ማጠብ ጀመርሁ። ጥቀርሻው ሲለቅ በሲሊንደሮቹ ዙሪያ ያሉት የውሃ ቀዳዳዎች ብቅ አሉ። ነጭ ነበሩ። አንዳንዶቹ እንደ ጠመኔ ባለ ነገር ጭራሽ ተደፍነዋል። በጣቴ ነካሁት፤ ድንጋይ ነው። ያ ነጭ ነገር የየት እንደ ሆነ ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አላስፈለገኝም። ጠበሉ የሚፈስበትን ቦታ አውቀዋለሁ፤ የቢጫው ጀሪካን ውስጥም እንዲያው ነው።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ያን ጊዜ ለማንም አልነገርሁም። ሽቦ ፈልጌ ሁለት ቀን ሙሉ ቀዳዳዎቹን ፋቅሁ። ሽቦው የሚደርስበትን ያህል አንድ ነጭ ነገር አላስቀረሁም። ፍቅፋቂውን ለመጣል ደግሞ አልደፈርሁም፤ ጠበል ነው፣ አይረገጥም። በላስቲክ ቋጥሬ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ወስጄ ሰው ከማይደርስበት አንድ የወይራ ግንድ ሥር አፈሰስሁት። አባቴ በሦስተኛው ቀን ተመልሰው ብረቱ ሲያበራ ሲያዩ፣

«እጅሽ ይባረክ» አሉኝ። «ከዚህ ቤት ሥራ የሚያውቅ አንድ ሰው አለ።»

ወንድሜ ክንዱ ተጠቅልሎ አጠገባቸው ቆሞ ነበር።

ቴስታታው ተሰንጥቆ ስለ ነበር ሊበየድ አልቻለም፤ ከጥላው ጀርባ ተጣለ። ቡሬ ያለ አንድ የተቃጠለ ሚኒባስ ሞተሩ ደኅና ነው ስለ ተባለ የሞተሩን አካል በጋሪ አስመጡ። የቀረው ዕቃ ከባሕር ዳር መምጣት ነበረበት። መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል፤ ስልክ አንዳንድ ሳምንት ይሠራል፣ አንዳንድ ሳምንት አይሠራም። ሥራው ከጥር እስከ ግንቦት ተጎተተ። በዚያ ሁሉ ጊዜ አባቴና ወንድሜ ከአንድ ሞተር ግራና ቀኝ ቆመው በእኔ በኩል ይነጋገሩ ነበር። አባቴ አሥራ አራት ቁጥር መፍቻውን ያቀብለኝ በይው ይሉኛል። ወንድሜ እጁን ቢዘረጋ ይደርሳል፤ ግን ለእኔ ይሰጠኛል፣ እኔ ለአባቴ እሰጣለሁ። አንድ ጎረቤታችን ይህን አይቶ፣ እዚህ ቤት ደግሞ ኔትወርክ ከጠፋ ስንት ጊዜው ነው አለ። ማንም አልሳቀለትም።

ዓቢይ ጾም አጋማሽ ላይ እናቴ የነፍስ አባታችንን ጠርታ ሽምግልና ለመነቻቸው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። ወንድሜ ነጠላውን አደግድጎ፣ ከጥላው ሥር ትልቅ ድንጋይ አንሥቶ በማጅራቱ ተሸክሞ ገባ። አባቴ እግር ሥር ተንበረከከ። «አጥፍቻለሁ፤ ይማሩኝ አባየ» አለ። ድንጋዩን የደገፈው በተቃጠለው ክንዱ ነበር። እኔ በር ላይ የእጅ ማስታጠቢያውን ይዤ ቆሜያለሁ። አሁን ተናገሪ፣ አሁን ተናገሪ የሚለኝ ነገር ነበር። አፌን ብከፍት የማዋርደው እናቴን ነው፣ እሷን ብቻም ሳይሆን ጠበሉን ነው ብዬ ራሴን አሳመንሁ። እውነቱ ግን የፈራሁት ለራሴ ነው። ሥራ የሚያውቅ አንድ ሰው አለ የተባለው እንዳይወሰድብኝ።

አባቴ፣ ይቅር ብያለሁ፣ አውርድ አሉት። የነፍስ አባታችን እንግዲህ የመኪናዋን ነገር እንደ በፊቱ ለልጁ ይተዉለት ብለው ሲጀምሩ አባቴ አቋረጧቸው።

«ይቅር ማለት ሌላ ነው አባ። መሪ ማስያዝ ሌላ ነው።»

ወንድሜ ድንጋዩን ወደ ነበረበት መልሶ አስቀመጠ።

በሳምንቱ ገደማ ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ ከታች ቡሎን ሲያጠብቅ ባትሪ ይዤለት ነበር። ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ ስሚ፣ ለእማየ እንዳትነግሪያት አለኝ።

«በቅሎዋ በተነሳች ማግስት እሄዳለሁ።»

«የት?»

«መተማ። ከዚያ ወዲያ ያለውን እዚያ ስደርስ አውቀዋለሁ።»

ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከእኛ በታች ሁለተኛው ቤት ያለው ልጅ በዚያ መንገድ ሄዶ፣ ሊቢያ ደርሷል ተብሎ፣ ከዚያ ስልኩ መጥራት አቆመ። ቤተሰቦቹ በአንድ ሸሚዙ ነው ያለቀሱት። ይህን አስታወስሁት። ወንድሜ ቡሎኑን ማጥበቁን ሳያቆም፣ እዚህ ቤት ቢቀርም ለሠላሳ ዓመት መፍቻ ሲያቀብል ኖሮ መሞቱ እንደማይቀር ነገረኝ። ታዲያ ለምን ዛሬ አትሄድም አልሁት፤ በእልህ ነበር ያልሁት።

«የሰበርሁትን ሳልጠግን አልሄድም» አለኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራው ወደፊት በተራመደ ቁጥር ቀን እቆጥር ጀመር። አባቴ ፒስተኖቹ ገቡ ብለው ደስ ሲላቸው እኔ አንድ ሳምንት ተቀነሰ እላለሁ። ዕቃ ሲዘገይ እናቴ ታዝናለች፣ እኔ እፎይ እላለሁ። አንድ ቀን ከናፍጣው ቱቦ ላይ የምትገባ ትንሽ የመዳብ ቀለበት ሰርቄ አመድ ውስጥ ጣልሁ። ወንድሜ ከሌላ መዳብ ቆርጦ በግማሽ ሰዓት ሌላ ሠራ። ሲሠራ እጁ ያምር ነበር። የሚሠራው መሄጃውን መሆኑን ሳስብ ዓይኔን አዞርሁ።

ግንቦት መጨረሻ ላይ አባቴ በመጪው ቅዳሜ እናስነሳታለን አሉ። ቅዳሜ ጠዋት ናፍጣ ሊያመጡ ወጡ። ሞተሩ ተገጥሟል፤ የቀረው ራዲያተሩን መሙላት ብቻ ነው። በርሜሉ በመጀመሪያው ዝናብ ግማሽ ደርሷል። እናቴ ከጓዳ ቢጫውን ጀሪካን ይዛ መጣች።

«ቶሎ በይ፣ ሳይመጣ» አለችኝ። «ዛሬማ ከላይ እስከ ታች በእሱ ይሞላ። ያኔ እኮ የተበላሸችው ከበርሜሉ ውሃ ጋር እየቀላቀልሽ ስለ ጨመርሽ ነው።»

ጀሪካኑን ተቀበልኋት። የራዲያተሩ አፍ ክፍት ነው። ጀሪካኑን መሬት ላይ አስቀመጥሁት።

«እማየ፣ አልጨምርም።»

«ምን ሆንሽ አንች?»

«ያኔ ሞተሩን ያፈነው ይህ ነው። ድንጋይ ሠርቶ ደፍኖት ነበር። እኔ ነኝ ፍቄ የደበቅሁት።»

እናቴ ጠበሉ ነው ያቃጠለው ማለትሽ ነው ወይ አለችኝ፤ ድምፅዋ ከመቆጣት ይልቅ እንደ መፍራት ነበር። ሳልመልስላት ጉድጓዱ ውስጥ የብረት ድምፅ ሰማሁ። ወንድሜ ከመኪናዋ ሥር ወጣ። ለካስ እዚያው ነበር። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ጀሪካኑን አየ፣ እኔን አየ።

«ታዲያ ድንጋዩን ለማን ነው የተሸከምሁት?» አለኝ።

አልጮኸም። ወደ መሣሪያ ሳጥኑ ሄደ። እኔ ያንን ጥያቄ እስካሁን አንዳንድ ጊዜ ክፍል ውስጥ መምህር እያስተማረ እሰማዋለሁ።

አባቴ ሲመለሱ በር ላይ ጠብቄ ሁሉንም ነገርኋቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ራሴን ዳሰሱኝ።

«ወንድምሽን ልታድኚው ነው» አሉ። «ደግ ነሽ። ውሸት ግን አያምርብሽም።»

ሕይወቴን ሙሉ እሳቸውን ደስ ለማሰኘት ስለኖርሁ እውነት ስናገር አላመኑኝም። እናቴ ከጥላው ምሰሶ ጋር ተጣብቃ መሬት መሬት ታያለች። ካልተናገረች የእኔ ቃል ምንም አይደለም። ወንድሜ መሣሪያውን ወደ ሳጥኑ ይመልሳል፣ አንድ በአንድ፣ በልካቸው ይደረድራቸዋል፤ እንደዚያ ሲያደርግ አይቼው አላውቅም። በመጨረሻ እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ እኔ ነኝ ያስጨመርኋት አለች።

አባቴ ከጥላው ጀርባ ሄደው የተጣለውን አሮጌ ቴስታታ አመጡ። ከውጭ ንጹሕ ነው፤ እኔ ነኝ ያጠብሁት። መዶሻ አንሥተው በስንጥቁ ላይ ሦስት ጊዜ መቱት፣ ተከፈለ። የእኔ ሽቦ ያልደረሰበት መሃሉ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ነበር። አባቴ ቁራጩን በእጃቸው ይዘው አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ተነሥተው ራሳቸው ከበርሜሉ እየቀዱ ራዲያተሩን ሞሉ። ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው፣ በእኔ በኩል ሳይሆን በገዛ እጃቸው፣ ለወንድሜ ዘረጉለት።

«አስነሳት።»

ወንድሜ ገብቶ አስነሳት። ሦስት ጊዜ አጉረመረመችና ያዘች። ድምፅዋ ልስልስ ያለ ነበር፤ ጎረቤት ሰምቶ እልል አለ። ወንድሜ እስክትሞቅ ጠበቃት፣ አጠፋት፣ ቁልፉን ሚስማሩ ላይ ሰቀለው። አባቴ መዶሻውን አንሥተው ወደ ቦታው መለሱ። አባት ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ ምን እንደሚል የሚያውቁ አይመስለኝም።

ጠዋት የወንድሜን አልጋ ተነጥፎ አገኘሁት። ሻንጣው የለም።

የሚያውቀውን ሰው ሁሉ ሳይጠይቁ አባቴ ቀጥታ ወደ እኔ መጡ። መተማ አልኋቸው፤ ማወቄን ደብቄ እንደ ነበርም ነገርኋቸው። በዚያ ሳምንት ሁለተኛው ኑዛዜዬ ነበር። ግቢ አሉኝና በቅሎዋን አስነሡ።

አዲስ የተሠራ ሞተር ሮዳጅ የሚባል ጊዜ አለው። ፋሻው፣ ማለት በፒስተኑ ዙሪያ ያለው ቀለበት፣ ከሲሊንደሩ ጋር እስኪላመድ መጀመሪያውን አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ከአርባ በላይ አይነዳም። አባቴ መኪና ላመጣላቸው ሰው ሁሉ ይህን ጣታቸውን እየቀሰሩ ያስጠነቅቃሉ። ማንኩሳን በስድሳ አለፍን። ቡሬን ስንወጣ ሰማንያ ሆነ። በየኬላው ፍተሻ ያስወርዱናል፣ እንመለሳለን፣ እግራቸው ነዳጁ ላይ እንደገና ይወርዳል። ኮሶበር መናኸሪያ ስንጠይቅ ክንዱ የተቃጠለ ልጅ ወደ ዱርቤቴ ተሳፍሯል አሉን። ዳንግላን አልፈን ከሞተሩ ቀጭን የሆነ የመምታት ድምፅ መጣ።

«አባየ፣ ድምፅ አላት።»

«ሰምቻለሁ» አሉኝ። ነዳጁን ጨመሩ።

ዱርቤቴ የገበያ ቀን ነበር። በሬና በግ መንገዱን ሞልቶታል፤ በእግር ልወርድ ብል አባቴ አቆሙኝ። የባሕር ዳር ሚኒባሶች ተራ የሚይዙበት ስንደርስ ወንድሜን ሦስተኛው ወንበር ላይ በመስኮቱ በኩል አየሁት። አንድ ሰው ብቻ ነበር የቀረው። አባቴ ወርደው መስኮቱ ሥር ቆሙ። ወያላው መሳፈር ከፈለጉ ይግቡ፣ መሸኘት ከሆነም ያብቃ፣ ሾፌሩ ሊወጣ ነው እያለ ይነዘንዛቸዋል። እኔ አባቴ ይለምኑታል ብዬ ጠበቅሁ። አልለመኑትም።

«መኪናዋ ድምፅ አላት» አሉት። «ውረድና ስማት።»

ወንድሜ አንገቱን በመስኮቱ አወጣ። ከኋላችን ከኮፈኑ ሥር ጭስ ቀጠን ብሎ ይወጣል።

«በስንት ነዷት?» አለ።

«በሰማንያ።»

«በሮዳጅ?»

«በሮዳጅ።»

ወያላው በቃ በሩን ሊዘጋ ሲል ወንድሜ ሻንጣውን አንሥቶ ወረደ። ኮፈኑን ከፈተ፣ የጠመንጃ መፍቻውን እጀታ ጆሮው ላይ፣ ጫፉን ሞተሩ ላይ አድርጎ አዳመጠ። ፋሻው ሄዷል አለ። መሪውን እሱ ያዘ። አባቴ ከጎኑ ተቀመጡ፣ እኔ ከኋላ መጫኛው ላይ ወጣሁ። በሠላሳ፣ አንዳንዴም በሃያ፣ በየመንደሩ እያቆምንና እያቀዘቀዝናት ቀኑን ሙሉ ተጓዝን። በኋላው መስኮት አያቸዋለሁ፤ አባቴ ሲናገሩ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ያሉትን አላውቅም፤ ማንም አልነገረኝም።

ቤት ስንደርስ ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። አላለቀም። ወንድሜ ሻንጣውን ሳይፈታ በር ኋላ አስቀመጠው። በማግስቱ ሞተሯ እንደገና ወረደ። ገባኝ፤ ቃሉ እንዳለ ነው። የተሰበረችው እስክትነሳ ነው የቆየው።

ሁለተኛው ሥራ ሦስት ሳምንት ፈጀ። አሁን መፍቻ በእኔ በኩል አያልፍም። ሁለቱ ይነጋገራሉ፤ የሚነጋገሩት ግን ስለ ቡሎን ብቻ ነው። አባቴ የሙቀት ጠቋሚዋን ሽቦ ስበው አገናኙ። ሲጨርሱ፣ ይህን ያኔ ማድረግ የነበረብኝ እኔ ነበርሁ አሉ፤ ለማን እንዳሉት አልታወቀም። እናቴ ነገሩን ለነፍስ አባታችን ተናዘዘች። እሳቸውም፣ ጠበል ይጠጣል፣ ይጠመቁበታል፣ አይቀቀልም ብለው አሰናበቷት። ከዚያ ወዲህ ከመንገድ በፊት በኩባያ ለነጂው ታጠጣለች።

እኔም አንድ ቀን ያንኑ ድንጋይ አንሥቼ ወደ ወንድሜ ሄድሁ። ከበደኝ፤ ተሸክሞት ሲንበረከክ ይህን ያህል መሆኑን አላወቅሁም ነበር። አይቶ መፍቻውን አስቀመጠ።

«አስቀምጭው» አለኝ። «ከጎማው ኋላ አድርጊው፤ ክሪኩ እንዳይንሸራተት ድንጋይ ስፈልግ ነበር።»

ይቅር ማለቱ ይሁን አለመሆኑን ልጠይቀው አልደፈርሁም። ሻንጣው እዚያው በር ኋላ ነበር።

ሰኔ 22 ቀን ከሰዓት በኋላ በቅሎዋ ተነሳች። ድምፅዋ ከበፊቱ ይሻላል። እናቴ እልል አላለችም። አባቴም ወንድሜም እጃቸውን ታጠቡ፤ እራት በልተን ተኛን። በነጋታው ስነሳ አልጋው ባዶ ነው። በር ኋላ ያለው ቦታም ባዶ ነው። ባዶ እግሬን ወደ ግቢው ወጣሁ። መኪናዋ የለችም። እናቴ ገንዳው ላይ ጎንበስ ብላ ልብስ ታጥባለች፤ ሻንጣው አፉን ከፍቶ አጠገቧ ነው።

ገንዳው ውስጥ የወንድሜን ሸሚዝ አየሁ። ቀና ብላ አየችኝ።

«ቡሬ ነው» አለችኝ። «በቆሎ ሊጭን። በአርባ ስለምነዳ ለምሳ አትጠብቁኝ ብሏል።»

እስኪመሽ ድረስ አላመንሁም። አባቴም ያመኑ አይመስለኝም፤ ሦስት ጊዜ አስፋልቱ ድረስ ወጥተው ተመልሰዋል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በቅሎዋ ጭነቷን ይዛ ቀስ ብላ በበሩ ገባች። ሰኔ 23 ቀን ነበር።